ይድረስ ለፎገራ ሽምብራ

ይድረስ ለፎገራዋ ሽምብራ፣ በጉማራና በርብ መካከል፣ ዋልካው ላይ።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ካንቺ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

እንዲህ ብሎ ደብዳቤ መጀመርን የተማርኩት በልጅነቴ፣ ከወረታ ብዙም በማይርቅ መንደር ነው። ፊደል የቆጠርነው ጥቂት ስለነበርን ልጆቻቸው ዘመቻ የሄዱባቸው እናቶች እየጠሩ ያጽፉኝ ነበር። «ካንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ በልልኝ» ይሉኛል። ከጎናቸው ተቀምጬ ቤቱን ስለማየው ደህና እንዳልሆኑ አውቃለሁ፤ የተባልኩትን ግን እጽፋለሁ። የድካሜ ዋጋ አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ ነበር። ስለዚህ ያንቺና የኔ ሂሳብ የተከፈተው በደብዳቤ ነው። ዛሬ የምጽፍልሽም ሂሳቡን ልዝጋ ብዬ ሳይሆን ቢያንስ ደረሰኝ ልስጥሽ ብዬ ነው።

ላመሰግንሽ የፈለግሁት ሥጋ ስላስተውሽኝ ነው። ኧረ «አስተውሽኝ» ማለቱም ልክ አልመሰለኝም። አንቺ አንድም ቀን ተው አላልሽኝም፤ እኔም እተዋለሁ አላልኩም። ሲጋራ ያቆመ ሰው ቀኑን ያስታውሳል፤ ጫት የተወ ወሩን ይቆጥራል፤ የተሳለማ ቀኑን ከነታቦቱ ይነግርሻል። እኔ የምነግርሽ ቀን የለኝም። መተዌን ያወቅሁት ከሰው ደብተር ላይ ነው።

ባሕር ዳር በምኖርበት ሰፈር በየበዓሉ ቅርጫ እንገባለን። ገንዘቡን የሚሰበስቡት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ማን እንደከፈለ፣ ማን እንደቀረበት፣ የማን መደብ ለማን እንደተሰጠ የሚጽፉበት ዳር ዳሩ የተበላ ደብተር አላቸው። እኔ ደግሞ እንጀራዬ የሰው ሂሳብ መመርመር ነው። አንድ የገና ዋዜማ የበሬው ዋጋ ከተሰበሰበው ገንዘብ ጋር አልገጥም ብሏቸው «እስቲ አንተ እየው» ብለው ደብተሩን ሰጡኝ። ጉድለቱን ስፈልግ ወደ ኋላ ገለጥኩ፤ መስቀል፣ እንቁጣጣሽ፣ ፋሲካ፣ ያለፈው ገና። የገንዘቡን ጉድለት አገኘሁት። ሌላም ጉድለት አገኘሁ፤ በአራቱም ገጽ ላይ ስሜ የለም።

«ጋሼ፣ ማን ሰረዘኝ?»

«ኧረግ! ማን ደፍሮ ይሰርዝሃል? ራስህ ነህ ‹የዛሬው ይለፈኝ› እያልህ ስታልፍ የከረምኸው።»

እውነታቸውን ነው። አንዱን በዓል መንገድ ላይ ነበርኩ፤ አንዱን እናቴ ዘንድ፤ አንዱን ገንዘብ አጥሮኝ ነው፤ የአራተኛውን ምክንያት እስከ ዛሬ አላስታውሰውም። የሌላውን ሰው መዝገብ እየገለጥኩ «ይህ ለምን ጎደለ?» ስል የኖርኩ ሰው የራሴ መዝገብ ሲጎድል አላየሁትም። በሙያዬ አፈርኩ። «እና የዘንድሮውን ትገባለህ?» አሉኝ፣ እስክሪብቷቸውን ከደብተሩ ላይ ሳያነሱ። አፌ ላይ የመጣው «ይለፈኝ» ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ዱካውን ወደ ኋላ ስከተል ወረታ ላይ ደረስኩ። ለሥራ ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር የምመላለስበት፣ መንገዱም ሰላም የነበረበት ዘመን ነው። ወረታ ከባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። መንገዱ እዚያ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በአዲስ ዘመን አድርጎ ጎንደር ይገባል፤ ሌላው፣ ቻይናዎች በደርግ ጊዜ የሠሩት፣ በዓለም በር በኩል ወደ ደብረ ታቦር ወጥቶ ጋይንትን አልፎ ወልድያ ይወርዳል። መንገድ የሚከፈልበት ከተማ ምሳ የሚበላበት ከተማ ነው። ወረታም ከዚህ ልማድ አልወጣችም።

ከመናኸሪያው ጀርባ አራት አግዳሚ ብቻ ያለው ሽሮ ቤት ነበር። ባለቤቲቱን ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን፤ ስማቸውን የጠየቀ ሰው አላየሁም። መጀመሪያ የገባነው ቀኑ ረቡዕ ስለነበረ ነው። ረቡዕና ዓርብ ከመኪናችን ውስጥ ሥጋ የሚያነሳ አልነበረም። አንድ ሐሙስ ስናልፍ ሾፌራችን «የለመድነው ቤት አይሻልም?» አለ፤ የተቃወመ የለም። ልኳንዳው ከመንገዱ ማዶ ነው። ተራ ይጠበቃል፤ «ከሽንጡ ጨምርበት፣ ይኸን አጥንት አንሣው» እየተባለ ከሚዛኑ ጋር ይተናነቁታል፤ ተጠብሶ እስኪመጣ ሌላ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል፤ ከውሎ አበሉ ላይ የሚተርፈውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አንቺ ግን ተጠርተሽ ሳታበቂ ከች ትያለሽ። ሳልዋሽ ልንገርሽ፣ ኪሴ ላንቺ አግዟል። ለነፍሳቸው ብለው፣ ለእንስሳት አዝነው ሥጋ የተዉ ሰዎች አሉ፤ እኔን ያስጀመረኝ ውሎ አበል ነው።

የእትዬ ሽሮ የዋዛ አልነበረም። ሽምብራውን ከገበያ በጣታቸው እየለቀሙ ይገዛሉ፤ ያምሱታል፣ ይከኩታል፣ ገለባውን ያበጥሩታል፤ ከበርበሬው፣ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከኮረሪማው፣ ከበሶብላው፣ ከጥቁርና ከነጭ አዝሙዱ ጋር መጥነው ወፍጮ ቤት ቆመው ያስፈጩታል። ቆመው የምልሽ ትተውት ቢመጡ ከማን ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ እንደሚመለስ አይታወቅም ስለሚሉ ነው። ቀዩ ሽንኩርት የፎገራ መስኖ፣ ዘይቱ ኑግ፣ እንጀራው ጤፍ በሩዝ። ትንሿ የሸክላ ድስት ከከሰሉ ወርዳ ፊታችን ከተቀመጠች በኋላም ወሬ ጀምራ እንዳልጨረሰች ሴት መንተክተኳን አታቆምም። እሷን እየሰማን፣ እንጀራውን ከዳር ከዳር እየቆረስን ስንበላ፣ ገበታው ላይ ሥጋ አለመኖሩ የታወሰኝ ቀን ትዝ አይለኝም።

እርግጥ አንቺ መንገዱን ከኔ በፊት ጠርገሽ ጠብቀሽኛል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ፍልሰታ 15፣ ነነዌ 3፣ ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ገና፣ ጾመ ሐዋርያት እንደ ዓመቱ ይረዝማል ያጥራል። ረቡዕና ዓርብ ሲታከልበት ለምእመኑ በዓመት ወደ 180 ቀን፣ ለካህናቱ ወደ 250 ቀን ይጠጋል። ግማሹን ዓመት ጥንቱንም የያዝሽው አንቺ ነሽ ማለት ነው። የቀረውን ግማሽ ደግሞ ድንበር እንደሚገፋ ገበሬ በየዓመቱ አንድ ትልም፣ አንድ ሐሙስ፣ አንድ ማክሰኞ እያልሽ ገባሽበት። የድንበር ጉዳይ ስንት ደም በሚያፋስስበት አገር ያለ ሽማግሌና ያለ ዳኛ ያለቀ የድንበር ግፊያ የኔና ያንቺ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። አመጣጥሽም ቢሆን የታሰበበት ይመስላል። ከአውድማ የምትነሺው በጥርና በየካቲት ነው፤ ቅበላ አብቅቶ ዐቢይ ጾም ደጃፍ ላይ ሲደርስ አንቺ ጎተራ ውስጥ ነሽ።

ቃል ግን አላዘጋጀሽልኝም። አማርኛችን ለምግብ ሁለት ቤት ነው ያለው፤ ጾምና ፍስክ። በፍስክ ቀን የጾም የሚበላን ሰው ምን እንደሚለው አያውቅም። «ጾመኛ» ስትይኝ የምፈታበት ቀን አለ ማለት ነው። ሥጋ የማይበሉ የውጭ አገር እንግዶች ወደ አገራችን ሲመጡ አስተናጋጆቹ «የጾም በሉ» ብለው ያስተምሯቸዋል፤ በያይነቱ ይቀርብላቸዋል፤ ጉዳዩ በዚያ ያልቃል። ባሕር ማዶ ባሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶችም አንቺን ፍለጋ የሚሰለፈው ፈረንጅ ስንቱ ነው! እኔ ግን የአገር ልጅ ነኝ፤ ቀኑ ምን እንደሆነ ያውቃል ተብዬ ነው የምታየው።

ክፉኛ የተጋለጥኩት በሃምሳው ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም የማይጾምበት ወቅት መሆኑን ታውቂያለሽ። የንስሐ አባቴ ረቡዕ ቀን ቤቴ ሲመጡ አንቺን ፊቴ ዘርግቼ አገኙኝ።

«በሃምሳ ይጾማል እንዴ ልጄ?»

«አልጾምኩም አባቴ፤ ቅቤ አለበት።»

«ታዲያ ሥጋው የት ሄደ?»

ነገርኳቸው፤ የቅርጫውን ደብተር ጭምር። ሳቁና መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። «ጾም ማለት እኮ ያማረህን መተው ነው። ያላማረህን መተው ምን ዋጋ አለው? እንግዲህ አንተ የካቲት ሲመጣ ከምን ልትጾም ነው?» አሉኝ። ቀልዳቸው ውስጥ እሾህ ነበረበት። እውነት ነው፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ ጎረቤቶቼ ሁሉ አንድ ነገር ያስቀምጣሉ፤ እኔ የማስቀምጠው ወተትና ቅቤ ብቻ ሆኗል። በጾም መጨረሻ የሚጠበቀው ያ ጉጉት፣ የቅዳሜ ሹር ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆመው የዶሮው ሽታ ከሩቅ የሚመጣ የሚመስልበት ነገር፣ ከኔ ሄዷል። ይኸን ያህል አስከፍለሽኛል። ምስጋናዬ መሐል ይኸን የምጽፈው ሂሳብ መርማሪ ስለሆንኩ ነው፤ ወጪው ሳይጻፍ ገቢ ብቻ አይመዘገብም።

እናቴማ ሌላ ነገር ነው የመሰላት። በኛ አገር ሰው ሥጋ የሚተወው ወይ ሊመነኩስ ነው፣ ወይ ሐኪም ከልክሎት ነው፣ ወይ ቸግሮት ነው። ገንዘብ ላከችልኝ፤ መለስኩት። ጠበል ሂድ አለችኝ። በመጨረሻ አንድ ቀን ቡና እያፈላች አንገቷን ደፍታ «ዳጋ እስጢፋኖስ ልትገባ ከሆነ ንገረኝ፣ አልከለክልህም፤ ግን ቤቱ ለማን ሊቀር ነው?» አለችኝ። ሚስትና ሁለት ልጆች እንዳሉኝ አስታወስኳት። «እሱማ ስንቱ ትቶ ሄዷል» አለች። እስከ ዛሬ ያላስቀረሁባት ነገር ቢኖር የፋሲካ ሌሊት ነው። ዶሮው አሥራ ሁለት ብልት ሆኖ ሲቀርብ እንቁላሉን እበላለሁ፣ ከወጡም በእንጀራ እጠቅሳለሁ፣ ብልቱን ለልጆቹ አሳልፋለሁ። ንጹሕ የሥጋ ተቃዋሚ ቢያየኝ ያባርረኛል። እናቴ ግን እጄን እያየች ዝም ትላለች፤ እኔም የዝምታዋን ያህል እጠቅሳለሁ።

አሁን ደግሞ ስላንቺና ስለ አገርሽ የምለው አለኝ፤ ደብዳቤውንም ያስጀመረኝ ይኸው ነው።

እኔ የተወለድኩበት አገር የከብት አገር ነበር። በጌምድርን «የበግ ምድር» ብለው የሚፈቱ አሉ፤ ፎገራ ግን የላም ምድር ነበር። የፎገራ ላም ጥቁርና ነጭ ቡሬ፣ ቀንዷ አጭር፣ ወተቷ የተመሰከረላት፣ ጉልበት እስኪውጥ ረግረግ ውስጥ ገብታ የምትግጥ ከብት ነበረች። ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ ውኃው ወደ ጣና ሲሸሽ ሣሩ ይነሣል፤ ከብቱ ሣሩን እየተከተለ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ያን ጊዜ ስለ ሀብት ሲወራ የሚቆጠረው ቀንድ ነበር።

ከዚያ በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች መጡ። ይኸ ረግረግ ሩዝ ያበቅላል አሉ። በደራ በኩል ጅግና፣ በፎገራ በኩል ሻጋ ላይ ተሞከረ። ዛሬም ገበሬው በስሙ የሚያውቀው «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዘር ስሙን ያገኘው ከዚያችው ጅግና ነው። መጀመሪያ ላይ ሩዝ ምኑ ይበላል ተብሎ ነበር። ኋላ እንጀራ ሆነ፣ ጠላ ሆነ፣ አረቄ ሆነ፣ ብር ሆነ። ወረታ ውስጥ መፈልፈያው በየመንገዱ ዳር ተተከለ፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያው ወረታ ተሠራ። የግጦሹ ሜዳ አንድ ማሳ፣ አንድ ማሳ እያለ አለቀ። የሐይቁን ዳርም ኋላ እምቦጭ መጣበት። የፎገራን ላም ዛሬ ጥርት ባለ ዘሯ ማየት የፈለገ ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ አንዳሳ ምርምር ማዕከል ቢሄድ ይቀለዋል፤ በአገሯ እንግዳ እየሆነች ነው።

ይኸን ሁሉ ያቀደ የለም። ከብት እንተው ብሎ የተሰበሰበ ቀበሌ አላውቅም። እያንዳንዱ ገበሬ አንድ ዓመት «የዘንድሮውን ሩዝ ልዝራበት» አለ፤ በሚቀጥለውም አለ። እንደኔ ነው። አገሩም ከቅርጫው ደብተር ላይ ስሙ ጠፍቶ አገኘው። አንድ ቀን ከዓለም በር ዳገት ላይ መኪና ተበላሽቶብን ቆመን ሜዳውን ቁልቁል ሳየው ነው ይኸ የገባኝ፤ ከዚያ በፊት ሥጋ የተውኩት እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አንቺ የምትገቢው እዚህ ላይ ነው። ሩዙ ውኃውን ጠጥቶ ሲያበቃ፣ ሰማዩ ደርቆ አንዲት ጠብታ በማትወርድበት ወራት፣ ዋልካው በሆዱ የያዘውን እርጥበት ብቻ ተማምነሽ ትበቅያለሽ። የምትጠይቂው ዝናብ የለም፤ ማዳበሪያም የምትለምኚው ጥቂት ነው፤ በሥርሽ እባጮች ውስጥ ካሉት ባክቴሪያዎች ጋር ተባብረሽ ከአየሩ የወሰድሽውን ናይትሮጅን ለመሬቱ ታስቀሪለታለሽ። ልጅ ሳለሁ ጠዋት በባዶ እግሬ ማሳሽን ሳቋርጥ ቅጠልሽ ያላበው ኮምጣጣ ነገር የእግሬን ጭረት ያቃጥለው ነበር፤ ያኔ ስድብ ነበር የምሰድብሽ። ኋላ አሲድ መሆኑን፣ ራስሽን የምትጠብቂበት ዘዴ እንደሆነም ተማርኩ። ይቅርታ።

ዕድሜሽንም እኔ አሳንሼው ኖሬያለሁ። ከጣና ምሥራቅ በበጌምድር ላሊበላ የሚባል ዋሻ አለ፤ የሮሃው ላሊበላ አይደለም፣ ስማቸው ብቻ ነው የሚገጥመው። አርኪዮሎጂስቷ ጆአን ዶምብሮቭስኪ እዚያ ቆፍረው ባሳተሙት ዘገባ ከገብሱ ጋር የሽምብራ ቅሪት ተገኝቷል፤ ዕድሜው ወደ 2,500 ዓመት ይጠጋል። ኮሪያዎቹ ሳይመጡ፣ ጎንደር ሳትቆረቆር፣ ጾሙ ራሱ ሳይደነገግ አንቺ እዚህ ነበርሽ። ዛሬም በአፍሪካ ውስጥ አንቺን እንደ ኢትዮጵያ የሚያመርት የለም። ከቱርክ ወገን መጥታለች የሚሉሽ አሉ፤ ልክ ናቸው፣ ግን ስንት ሺህ ዓመት የተቀመጠ እንግዳ ባለቤት አይሆንም እንዴ?

ስለ ዘመድሽ ስለ ጓያም ሳላነሣ ባልፍ ምስጋናዬ ጎደሎ ይሆናል። ጓያ ካንቺም ይጠነክራል፤ ሩዙ ሳይታጨድ ከሥሩ ይዘሩታል፤ ጎርፍም ድርቅም አይበግረውም። ሌላው እህል ባልተገኘበት ዓመት ሰው እሱን ብቻ ለወራት ሲበላ ግን እግሩን ይይዘዋል፤ አንዴ የያዘውን አይለቅም። በ1969 ዓ.ም. ገደማ በደንቢያና በፎገራ ብዙ ሰው፣ በተለይ ጎረምሳው፣ ሳይታሰብ ሽባ ሆኗል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በዚያው አካባቢ ያጠኑትን በ1990 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። በልጅነቴ በሁለት ምርኩዝ የሚሄድ ጎልማሳ ሲያልፍ እናቴ «ጓያ ነው» ትል ነበር፤ ሌላ ማብራሪያ አልነበረውም። እኔ ያለ ሥጋ የምኖረው ጠግቤ ነው። እነሱ ያለ ሥጋም ያለ ሌላም የኖሩት ጠፍቶ ነው። ይኸን ልዩነት ሳልጽፍ «ሥጋ መተው እንዴት ደስ ይላል» ብልሽ በነሱ ምርኩዝ ላይ መሳለቅ ይሆንብኛል። ሽሮውን ሳይ ግማሹ ጓያ እንዳልሆነ የምጠይቀውም ከዚያ በቀረ ልማድ ነው፤ እትዬን አንድ ጊዜ ጠይቄያቸው ሁለት ቀን አኩርፈውኛል።

አንድ ያልጠበቅሁት ነገር ደግሞ ሰጥተሽኛል። ወረታ የሚኖር ሙስሊም አብሮ አደግ አለኝ። እርስ በርሳችን ያረድነውን እንደማንበላ ታውቂያለሽ፤ ሰርግ ሲሆን ሁለት ዳስ፣ ሁለት ወጥ ቤት ነው፤ አብረን አድገን አብረን የበላንበት ቀን ግን የሚቆጠር ነበር። ሥጋው ከገበታዬ ከወጣ ወዲህ እሱ ባሕር ዳር ሲመጣ ቤቴ ይበላል፣ እኔም ወረታ ስወርድ ከነልጆቹ ጋር አንድ ትሪ ከብበን እንቀመጣለን። የሱ ሚስት ሽሮ ላይ ቃሪያውን አብዝታ ትጨምራለች። የመጀመሪያዋን ጉርሻ ሲያጎርሰኝ ሁለታችንም ሃምሳ ዓመት አልፎን ነበር። ሥጋ ከመተው ያልጠበቅሁት የመጀመሪያው ጥቅም ይኸ ነው፤ ማንም አልነገረኝምና።

ወቀሳም አለኝ። ሆዴን ትነፊዋለሽ። ስብሰባ ቀን ከበላሁሽ የማደርገውን እኔ ነኝ የማውቅ። ሰርግ ቤት ደግሞ ቢላና ቁርጥ እየዞረ እኔ ጋ ሲደርስ የሚሆነው ጸጥታ አለ፤ ጎኔ ያለው ሰው «ታሟል» ይልልኛል፣ እኔም ሌላ ቃል ስለሌለኝ ታምሜ አልፋለሁ። የሻኛ ጥብስ ሽታ ሲያልፍ ዘወር እላለሁ፤ ሰው ነኝ። ደግሞም ካንቺ ጋር ሆኜ ከበሬ ነጻ ወጥቻለሁ ብዬ አልፎክርም፤ የሚያርስልሽ እሱ ነው፣ አውድማ ላይ የሚያበራይሽም እሱ ነው። ሽሮዬ ውስጥ የበሬ ጉልበት አለ፤ ቅቤውም የላሟ ነው።

የእትዬ ሽሮ ቤት ተዘግቷል። ባለፈው ሳልፍ በሩ ላይ የስልክ ካርድ የሚሸጥ ልጅ ተቀምጦ አገኘሁ። ልጃቸው አዲስ አበባ ወስዳቸዋለች አሉኝ፤ ደህና ናቸው ይባላል። ምጥኑን ለማን እንዳስተማሩ ጠየቅሁ፤ የሚያውቅ አልተገኘም። አብሬያቸው ስንት ዓመት ተቀምጬ አንድ ቀን ኮረሪማው ስንት ነው አላልኩም።

አሁን የምበላሽ እናቴ ያዘጋጀችው ነው። ገና ስታምስሽ «ከእትዬህ አይሻልም?» እያለች ስልክ ትደውልልኛለች፤ «ይሻላል» እላታለሁ፤ አይሻልም፣ ግን እየቀረበ ነው። ዛሬ ማለዳ ደግሞ ደውላ ሃያ ኪሎ በጆንያ አድርጋ ለሚኒባስ ሰጠሁ አለችኝ። የመመንኮሴን ነገር አላነሣችም። ጆንያው ላይ ስሜን አስጽፋለች፤ የጻፈላት የጎረቤት ልጅ ነው፤ ለድካሙ ምን እንደሰጠችው አልጠየቅኋትም። መንገዱ ክፍት ከሆነ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል። አሁን መናኸሪያ ልወጣ ነው።

አክባሪሽ፤
ከባሕር ዳር